ሁለቱ ሦስት ቁጥሮች

«ዳኜን ትናንት ማታ አስገብተነዋል። አሻጥር ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ካኪው ለማን እንደሚሄድ እያወቀ ነው ያቃጠለው።»

ሠርካዲስ ይህን የሰማችው ዘይቱ መጥበሻው ላይ መንጫጫት ሲጀምር ነው። ተናጋሪው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥበቃ ኃላፊ ሳቢት ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩን አንኳኩቶ፣ እሷን በአንገቱ ብቻ ሰላም ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቷል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ጋዜጣ የተለጠፈበት ቺፑድ ስለሆነ እንኳን ንግግር ሳልም ያሳልፋል። የእንቁላሉ ጩኸት ወሬውን እንዳይሸፍንባት ቡታጋዙን ዝቅ አደረገችው። «ማንም እንዳያነጋግረው» አለ የግዛቸው ድምፅ። «ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ እናደርጋለን፣ ሠራተኛው ራሱ ያጋልጠው። ከዚያ ሪፖርቱን ይዤ ወደ ላይ እሄዳለሁ።» ወደ ላይ የተባለው የት እንደሆነ ሠርካዲስ በትክክል አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ወደ ላይ የሄደበት ሰው ግን ቶሎ ወደ ታች እንደማይመለስ ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ግዛቸው የባሏ የስለሺ ታላቅ ወንድም ነው። በፋብሪካው የፓርቲው መሠረታዊ ድርጅት ጸሐፊ ነው፤ ይህን ቤት ከቀበሌ ያስገኘላቸው፣ እሷንም የኤሌክትሪክ ክፍሉ ውስጥ ያስቀጠራት እሱ ነው። የኪራይ ደብተሩም በእሱ ስም ነው። ስለዚህ ውስጠኛው ክፍል የእሱ፣ መስኮቱም የእሱ፣ የመጨረሻው ቃልም የእሱ ሆኖ አምስት ዓመት ኖረዋል። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ስለሺ ጿሚ ነው፤ ወንድሙ ግን ጾምን ካቆመ ቆይቷል፤ አዲሱ ገበያ አንዱን በሃያ ሳንቲም የገዛችውን እንቁላል እሷው ትጠብስለታለች። ስለሺ በዚያ ሰዓት ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሻዩን ይጠጣል፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ቀንም ተነጋግረው አያውቁም።

ሳቢት ከሄደ በኋላ ግዛቸው ወጥቶ ገበታው ላይ ተቀመጠ። የሚበላው ሰው በልቶ እስኪያበቃ ሌላው ዝም የሚልበት ቤት ነው። እንጀራውን ሁለት ሦስቴ ከጠቀለለ በኋላ ቀና ሳይል፣ «ዳኜ ከናንተ ክፍል ነው አይደል?» አላት።

«አዎ ጋሼ። ፈረቃችን ግን ይለያያል።»

«ማንን ያነጋግራል? ምን ይዞ ይገባል?»

«ምሳውን ነዋ።»

ስለሺ የተጎነጨው ሻይ ጉሮሮው ላይ ተሰማ። ግዛቸው ቀና ብሎ ትንሽ አያት። «ዛሬ ስብሰባው ላይ ትናገሪያለሽ። የምታውቂውን ነው። የቤቴ ሰው ሆነሽ ዝም ካልሽ ሰው ምን ይላል?» ብሎ እጁን ታጠበ። ፎጣውን ስታቀብለው አመሰገናት። ማመስገኑ ከንግግሩ ይበልጥ አስፈራት።

ቁልቁለቱን ስትወርድ የማቅለሚያ ክፍሉን አንጋፋ ሠራተኛ የሺን አዲሱ ገበያ መታጠፊያው ላይ አገኘቻት። ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት፤ የሺ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ቀበሌው ሱቅ ስኳር፣ ውትድርና ስለተመለመለው የእህቷ ልጅ እያወራች መንገዱን ታሳጥረዋለች። ዛሬ ግን የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሳቢት በጠዋት ከናንተ በኩል ሲወርድ አየሁት» አለችና ሌላ ቃል ሳትጨምር እርምጃዋን አፈጠነች። ሠርካዲስ ምን ብላ ትመልስላት? «እኔ አልጠራሁትም» ብትል ጠርታዋለች ማለት ይሆናል። ሁለቱም እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ጫማቸውን እያዩ ሄዱ።

የነገሩ መነሻ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው አዲስ መቆጣጠሪያ ነው። ማቅለሚያ ክፍሉ ውስጥ ስምንት ገንዳዎች አሉ። በእያንዳንዱ ገንዳ ጎን አንድ ትንሽ ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ሙቀቱን የሚለካውና የእንፋሎቱን ቧንቧ የሚከፍት የሚዘጋው እሱ ነው። ስምንቱም በአንድ ኬብል ተያይዘው ግድግዳው ላይ ካለው ትልቁ ሳጥን ጋር ይገናኛሉ። ትንንሾቹ ሳይጠየቁ አይናገሩም። ትልቁ ነው «ሦስት ቁጥር፣ ሙቀትህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው፤ ሦስት ቁጥር ብቻ ይመልሳል፤ ከዚያ «እንፋሎት ክፈት» ወይም «ዝጋ» ይለዋል። ዳኜ ጀርመን አገር ለዘጠኝ ወር ተምሮት የመጣ ስለሆነ መመሪያውን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው፤ ጀርመኖቹ ትልቁን ጌታ፣ ትንንሾቹን ባሪያ ይሏቸው ስለነበር እሱም እንዳለ ጻፈው። ዳኜ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ይሰበሰባሉ እየተባለ ይወራበታል።

ግዛቸው ያንን ጽሑፍ ወደ ቤት ይዞት የመጣበትን ምሽት ሠርካዲስ ታስታውሳለች፤ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ጮክ ብሎ እያነበበ ሳቀ። «ጌታው ባሪያውን በቁጥሩ ይጠራዋል! በአብዮት አገር! ደግሞ ይሄ ጌታ ጌታ የሚለው ሰውዬ ጸሎት ቤቱን ፋብሪካ ውስጥ ሊከፍትልን ነው» አለ። ጌታ የሚለውን እየሰረዘ ሰብሳቢ፣ ባሪያ የሚለውን እየሰረዘ አባል አደረገው። መሰረዙ ሲሰለቸው አንዱን ገጽ እንዳለ በሁለት መስመር ሰረዘውና ከመመሪያው እንዲወጣ አዘዘ። እሷም አብራ ስቃ ነበር። በዚያ ላይ የዳኜ ስም በግዛቸው ማስታወሻ ደብተር የገባው ያን ምሽት ነው።

ማቅለሚያ ክፍሉ በር ላይ ዘብ ቆሟል። የቴክኒክ ኃላፊው ኢንጂነር ዓምሃ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ከፊቱ ይልቅ እጁ ላይ የሚያበዛ ሰው፣ ሪፖርት እንዲጽፍ ታዞ ስለነበር እሷን ይዟት ገባ። ለምርመራው በእጅ ቧንቧ እንደገና በሞቀው ሦስተኛ ገንዳ ውስጥ ያለው ካኪ ጠቁሮና ተኮማትሮ የረጠበ ጆንያ መስሏል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ለወታደር ልብስ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ትናንት ከሰዓት ዳኜ ፈረቃ ላይ እያለ ገንዳው አለቅጥ ፈላ፤ ዳኜ መቆጣጠሪያው አልታዘዝ አለኝ እያለ ወዲህ ወዲያ ሲሯሯጥ ጨርቁ አለቀለት። የሰው እጅ ካልገባበት እንዲህ አይሆንም ተባለ። ሠርካዲስም ከጠዋት ጀምሮ በልቧ ስታመላልሰው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ዳኜ አድርጎት ቢሆንስ? ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛ ሰው ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል?

ትልቁን ሳጥን ከፍታ ቁጥሮቹን ማየት ጀመረች። ገና ሥራ ካልጀመረው ከስድስተኛው በቀር ሌሎቹ ገንዳዎች ሙቀታቸውን አንድ በአንድ ያሳያሉ። ሦስት ቁጥር ጋ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ይዘላል፤ ሰማንያ፣ ሃያ፣ ዜሮ፣ እንደገና ሰማንያ። ኬብሉን እየተከተለች የየገንዳውን ማያያዣ አንድ በአንድ ነቀለች። ስድስተኛውን ስትነቅል ሦስት ቁጥር ሰማንያ ላይ ቀጥ አለ። መልሳ ሰካችው፤ ዘለለ። ነቀለችው፤ ቆመ።

ስድስተኛውን ሳጥን የሰቀለችው እሷ ነበረች። የድሮው ሞቶ ለወራት ቆሞ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ፣ ግዛቸው ራሱ እዚያው ቆሞ፣ ከመጋዘን መለዋወጫ አውጥታ እንድትገጥም አጣደፋት። ዳኜ ዕረፍት ላይ ነበር። መለዋወጫው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያዎች አገኘች፤ ስለ እነሱ የተተየበው መመሪያ ምንም አይልም። «እንዴት ላድርጋቸው?» ብትለው ግዛቸው፣ «የሚሠራውን አይተሽ ልክ እንደሱ አድርጊው» አላት። ሦስተኛውን ከፍታ አየች፤ ልክ እንደሱ አደረገችው። የስድስተኛው የእንፋሎት ቧንቧ ስላልተያያዘ እስከ ማክሰኞ ኤሌክትሪክ አልተሰጠውም። ማክሰኞ ከሰዓት ቧንቧ ሠሪዎቹ ሲጨርሱ ዳኜ እንደታዘዘው አበራው።

ሳጥኑን ልትከፍት ስትል ክዳኑን አየች። ብሎን ስታጠብቅ ራሱን በቀይ የጥፍር ቀለም መቀባት ልማዷ ነው፤ ሌላ ሰው ከነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል። አራቱም ብሎኖች ላይ ቀለሙ እንደተቀባ ነው። ዳኜ ነክቶት ቢሆን ብላ እንደተመኘች ያን ጊዜ ገባት፤ አፈረች።

ኢንጂነር ዓምሃ ከጀርባዋ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ምንም ሳይል ወደ ቢሮው ወሰዳት፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ከመሳቢያው ሥር የዳኜን የእጅ ጽሑፍ አወጣ። አራተኛው ገጽ በቀይ ተሰርዟል። ከቀዩ ሥር ግን ይነበባል፦ «ለእያንዳንዱ ባሪያ የራሱ ቁጥር በትንንሾቹ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይሰጠዋል። ጌታው የሚያውቃቸው በቁጥራቸው ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም እኩል ይመልሳሉ፤ ሁለቱም የተባለውን ያደርጋሉ፤ ጌታው ግን የማንኛቸውንም መልስ በትክክል አይሰማም።» ሠርካዲስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትልቁ ሳጥን ሦስትን ሲጠይቅ ባዶውና ቀዝቃዛው ስድስት አብሮ መልሶለታል። እሱም ሦስት ቀዝቅዟል ብሎ እንፋሎት ሲጨምርበት ውሏል።

ዓምሃ ወረቀቱን መልሶ ቆለፈበት። «እኔ ይህን አላየሁም፤ አንቺም አላየሽም» አለ በሹክሹክታ። «ሄደሽ ስድስተኛውን ስድስት አድርጊውና ክደኚው። መሣሪያው ይሠራል። ዳኜን ደግሞ ጥቂት ወር አቆይተው ይለቁታል።»

«ካልለቀቁትስ ኢንጂነር?»

መነጽሩን ጠረገ። እየፈተነኝ ይሆን? አለች በልቧ። የግዛቸው የወንድም ሚስት ምን እንደምትል ሰምቶ ለግዛቸው ሊነግር ይሆናል። ደግሞ እሱም እሷን እንዲሁ ይጠረጥራት ይሆናል።

ስድስት ሰዓት ላይ ግዛቸው ቢሮ ገባች። ሪፖርቱን እየጻፈ ነበር፤ ስታየው ወረቀቱን በክርኑ ሸፈነው። ቆማ ነገረችው። «ጋሼ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ የገጠምኩት ሳጥን የሦስተኛውን ቁጥር ይዟል። ዳኜ ምንም አላደረገም።»

«ማን አስጠናሽ ይህን?» አላት ወዲያው።

«ማንም። በዓይኔ አየሁት፤ ለርስዎም ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ሚስቱ መጥታ ነበር? ቤታቸው ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አልሄድኩም። ጋሼ፣ ያን ማታ ልብስ ስተኩስ እርስዎ...» አለችና አቋረጠች። የግዛቸው እስክሪብቶ ቆመ። ሁለቱም ስለየትኛው ማታ እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ ግዛቸው በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቤት አለሽ፣ ሥራ አለሽ፣ ወንድሜ አለሽ። አንቺ ለሰው ብለሽ እዚህ ነገር ውስጥ ምን አገባሽ?» አላት። መልስ አልጠበቀም። እሷም እጅ ነስታ ወጣች።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የማቅለሚያ ክፍሉ ጀርባ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ዝም ብትል ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖራለች፤ ስንቱ ኖሮ የለ። የግዛቸውን ስም ብታነሳ ደግሞ እሱ ራሱን ለማዳን ይታገላል፤ ሲታገል ዳኜን ይዞት ይሰምጣል፤ እሷንም፣ ስለሺንም። የሚበጀው ግዛቸውም የሚወጣበት በር ያለው እውነት ነው። ይህን ስታስብ በራሷ ብልጠት ደስ አላላትም።

ስብሰባው እዚያው ገንዳዎቹ መካከል ተደረገ። ሃምሳ የሚሆን ሠራተኛ ቱታውን እንደለበሰ ቆሟል፤ ጎን ለጎን የቆሙ እንኳ ትከሻ ለትከሻ ላለመነካካት ይጠነቀቃሉ። ሳቢት ክሱን አነበበ፤ «የወገን ጦር ልብስ» የሚለው ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጓድ ሠርካዲስ ትናገራለች» አለ ቀጥሎ፣ ጠዋት በተሰጠው ዝርዝር መሠረት። ግዛቸው ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ቀና ብሎ አያት። የሺ ፊቷን አዞረች።

«በአፌ ከምናገር ባሳያችሁ ይሻላል» አለች ሠርካዲስ። ድምፅዋ ለራሷም ቀጥኖ ተሰማት። ትልቁን ሳጥን ከፍታ የሦስት ቁጥርን ሙቀት ሲዘል አሳየቻቸው። የስድስትን ማያያዣ ነቀለች፤ ሰማንያ ላይ ቆመ። ሰካችው፤ ዘለለ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ የቀይ ቀለም ያለባቸውን ብሎኖች ፈትታ፣ ትንንሾቹን ማብሪያ ማጥፊያዎች አስተካክላ፣ አጥፍታ አበራችው። ሦስት ቁጥር ሰማንያ አለ። ስድስት ቁጥር፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም፣ ሃያ አለ።

«ሁለት ገንዳ አንድ ቁጥር ይዞ ነበር። ትልቁ ሳጥን አንዱን ሲጠይቅ ሁለቱ መለሱለት። ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ዳኜ እዚህ አልነበረም።»

ሳቢት ግዛቸውን ያያል፤ ዓምሃ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ የሺ፣ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰው ድፍረት ነው መሰል፣ «ታዲያ ልጄ፣ እንዲህ ያለው ነገር መመሪያው ላይ አልተጻፈም?» አለች።

የግዛቸው እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጨበጠ። ሠርካዲስ እጁን አየችው።

«እኔ ባነበብኩት ላይ የለም» አለች። «መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።»

ግዛቸው ተነሳ። ሲናገር የወትሮው ድምፁ ነበር። «ጥፋቱ የቸልተኝነት እንጂ የአሻጥር አይደለም ተብሎ ይያዝ። ጓድ ሠርካዲስ ከዛሬ ጀምሮ ከኤሌክትሪክ ክፍል ተነስታ ማሸጊያ ትገባለች። ስለ ዳኜ ወደታሰረበት ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ይደወላል።» ወረቀቶቹን ሰብስቦ ወጣ። ሰዉ ሲበተን አንዳንዱ ሊያናግራት ከጅሎ ተወ። የሺ ብቻ ስታልፍ ክንዷን ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ደረሰች። የዳኜ ሚስት መሰለች የምግብ ሰሃን በጨርቅ ቋጥራ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቆማለች። ሠርካዲስን ስታይ ሰሃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ሰላምታዋንም አልተቀበለችም። ዳኜ ሲወጣ ቀበቶውንና የጫማውን ክር በእጁ ይዟል፤ አንድ ዓይኑ አብጧል። ሠርካዲስ ሌላ ቃል ሳታስቀድም ነገረችው። ቆሞ ሰማት።

«ቁጥሩን ስንት አድርገሽው ነበር?» አለ።

«ሦስት።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ባዶው ነው ሲመልስለት የነበረው» አለ ቀስ ብሎ። «ለዚህ ነው ዝጋ ብለው እንቢ ያለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው ያደርኩት፤ ራሴን እስከመጠርጠር ደርሼ ነበር።» ሊስቅም ሊያለቅስም የደረሰ ሰው መሰለ። መሰለች ግን መካከላቸው ገባች።

«ማን ላከሽ?» አለቻት።

«ማንም አልላከኝም።»

«ከሱ ቤት እየበላሽ ማንም ሳይልክሽ መጣሽ? አጠፋሁ ስትዪ ባሌ ምን እንዲልልሽ ነው? ነገ ቤታችን ስትመጪ ማንን ቆጥረሽ ልትሄጂ ነው?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ ዘቡ እንዳይሰማ ከጥርሷ መካከል ነበር የሚወጣው። ዳኜ ሚስቱን አየ፤ ሠርካዲስን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲከደን አየችው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ በአክብሮት፣ ለማይታወቅ ሰው በሚሰጥ አክብሮት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ» አላትና ሚስቱን ተከትሎ ሄደ።

ቤት ስትደርስ ጀምበር ጠልቃለች። ስለሺ መብራት ሳያበራ ተቀምጦ ነበር። ስብሰባውን ሰምቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ስለ ቤቱ ይጠይቀኛል፣ የኪራይ ደብተሩን ያነሳል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ተነስቶ ውሃ ቀዳላትና እጇን አስታጠባት፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎላት አያውቅም። ከዚያ በአገጩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጠቆመ። «ከመጣ ቆየ» አለ በሹክሹክታ። «ማንም እንዳይጠራኝ ብሏል።» ከበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይታያል።

ሠርካዲስ ሽሮውን አሙቃ፣ ሦስት ሰው የሚበላበትን ገበታ አቀረበች። ሄዳ በጣቷ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ራት ቀርቧል።»

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች፤ እርምጃ ወደ በሩ ቀርቦ ቆመ። ቺፑዱ መካከላቸው ባይኖር ትንፋሹ ይደርሳት ነበር።

«ስሜን ለምን አልጠራሽም?» አለ ግዛቸው ከውስጥ።

«ዳኜ እንዲወጣ ነበር የፈለግሁት።»

«ሌላስ? ምን አስበሽ፣ ለየትኛው ቀን ነው ያቆየሽው?»

«ሌላ የለም ጋሼ። ይምጡ፣ ሽሮው ይቀዘቅዛል።»

ስለሺ ከገበታው ላይ ሆኖ ቁራሹን እንደያዘ አፉ ጋ ሳያደርስ ቀረ። ከዚያ በውስጥ በኩል ቁልፉ አንዴ ዞረ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ አንዴ መቆለፉ እንዳልበቃ ሁሉ፣ ሁለተኛ ዞረ።